ሌንሱን ከመምረጥሽ በፊት ወንበርሽን እወቂ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አብሮ አደጌ ከጥምቀት በኋላ ታገባለች። ተክሊሉ እሁድ ጠዋት ነው፣ ምሳው አዳራሽ ውስጥ፣ መልሱ ደግሞ በማግስቱ ማታ እናቷ ግቢ በሚጣለው ዳስ። ፎቶና ቪዲዮ አንሺ ቀጥረዋል። እኔ ሚዜም አይደለሁም፣ ተራ እንግዳ ነኝ። ግን ካነን 2000ዲ ካሜራ አለኝ፣ አብሮት የመጣው 18–55 ሌንስም አለ፤ በእሱ የራሴን ጥቂት ፎቶ አንስቼ ልሰጣት እፈልጋለሁ። ችግሩ አምና በአክስቴ ልጅ ሠርግ ማታ ያነሳሁት ሁሉ ብዥ ብሎ ቀረ። አሁን ሦስት ምርጫ አለኝ። አንድ ሻጭ 75–300 ውሰጂ፣ ሩቁን ያቀርብልሻል ብሎኛል። የሥራ ባልደረባዬ ትልቁን ነጭ 70–200 ኤፍ 2.8 ለሁለት ቀን ላውስሽ ይላል። ወንድሜ ደግሞ ከሜሪላንድ ለበዓል ሲመጣ 50 ኤፍ 1.8 ላምጣልሽ ብሏል። የቱን ልያዝ?

እንግዳዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

እህቴ፣ ወንድምሽ 50ውን ያምጣልሽ። ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤሽን አጥፌ ቡናዬን በጠጣሁ። ግን «የካነን 50 ኤፍ 1.8 ስጡኝ» ብሎ ሱቅ የገባ ሰው ከሁለት ዓይነት አንዱን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ አንደኛው ደግሞ ለአንቺ ካሜራ ከነአካቴው አይገጥምም። ስለዚህ ይህን እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ለወንድምሽ መልእክት እንዳትልኪ።

በቅድሚያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ሲያገባ እኔም እንዳንቺ ተራ እንግዳ ነበርኩ። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን 70–200 ተውሼ፣ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ሌንሱ ሩቁን ስለሚያቀርብ ሙሽሮቹን ከእግር እስከ ራስ ለማስገባት ወደ ኋላ መራቅ አለብኝ፤ ወደ ኋላ ስርቅ ደግሞ ሰው ይሸፍነኛል። መላ ያልኩት መተላለፊያው መሐል መንበርከክ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ አሥር ያህል አነሳሁ፤ አልከፉም። ወር ቆይቶ አልበሙ ሲመጣ ግን፣ ያ የመግቢያው ትልቅ ገጽ ላይ፣ በሙሽሪትና በሙሽራው መሐል የእኔ ጀርባ ጉብ ብሏል። ሸሚዜ ከሱሪዬ ወጥቶ። እስከ ዛሬ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ቡና ሳይፈላ አልበሙ ይወጣል። በዕለቱ አክስቴ ምግብ ያነሳችበትን ሳህን ይዛ ስትፈልገኝ ቆይታ፣ ስታገኘኝ «ሠርግ ነው የመጣኸው ወይስ ሥራ?» ያለችኝም አልረሳኝም።

ነገሩን ያበላሸው ሌንሱ አልነበረም። የእኔ ቦታ የሌንሱ ቦታ አለመሆኑ ነው። የተቀጠረ ፎቶ አንሺ ይዘዋወራል። ከመድረኩ እስከ መኪናው፣ ከዳቦው እስከ ኬኩ ማንም «ወዴት ነው?» አይለውም፤ ለዚህም ተከፍሎታል። እንግዳ ግን የተመደበለት ቦታ አለው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሴቶች በኩል ትቆሚያለሽ፣ እንደ ልብሽ ወዲያና ወዲህ አትዪም። አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ይሰጥሻል። ዳስ ውስጥ ደግሞ አግዳሚ ላይ በሁለት አክስቶች መሐል ትጣበቂያለሽ። ሌንስሽን የምትመርጪው ከእነዚህ ሦስት ቦታዎች ተነስተሽ ነው።

ወደ ብዥታው ልምጣ፣ እሱ ነው የልብሽ ጥያቄ። 18–55ሽ ሰፊውን በሚያሳየው 18 ላይ ሲሆን ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ኤፍ 3.5 ድረስ ይከፈትልሻል። ሩቁን ወደሚያቀርበው 55 ስትስቢው ግን ከኤፍ 5.6 በላይ መክፈት አይችልም። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሲበዛ ይጠባል፤ ይህን ታውቂ ይሆናል። የማታው አዳራሽ ውስጥ ብርሃኑ ሲያንስ ካሜራው በጠባብ ቀዳዳ በቂ ብርሃን ለመሰብሰብ ሻተሩን፣ ማለትም ፎቶ ስታነሺ ተከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ፣ ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ይቆያል። 1/20 ሰከንድ ሲከፈት ሰውዬው ያጨበጭባል፣ ሙሽሪት ትዞራለች፣ ያንቺም እጅ ይንቀጠቀጣል። ያው ብዥ ይላል። እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን ኤፍ 1.8 ቢኖርሽ የሚገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። 1/20 የነበረው 1/200 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። በ1/200 የሚስቅ ሰው ሳቁ እንደጠራ ይቀራል።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያስቀኝ ነገር ላንሳ። ፎቶ እንደተፈለሰፈ ሰሞን ሰው ለመነሳት ደቂቃዎች ያህል እንደ ሐውልት መቀመጥ ነበረበት። በ1840 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ጆሴፍ ፔትዝቫል የሚባል የሒሳብ ሰው የሰው ፊት ለማንሳት ብሎ አንድ ሌንስ ቀመረ። ቀዳዳው ኤፍ 3.6 ነበር፤ የመቀመጫውን ጊዜ ወደ ሰከንዶች ያወረደው እሱ ነው። አሁን አስቢው፦ ያንቺ ሌንስ 55 ላይ ሲሆን ከዚያ የ1840 ሌንስ በእጥፍ በሚበልጥ ይጨልማል። ስለዚህ አምና ያጠፋሽው እጅሽ ነው ብለሽ አትዘኚ።

በዚህ ሚዛን የሻጩን 75–300 እንየው። 75 ላይ ኤፍ 4 ነው፣ 300 ላይ ኤፍ 5.6። አንቺ የምትሸሺው ያንኑ ጨለማ ነው፤ ርዝመት ተጨምሮበት ብቻ ተመለሰ። ርዝመቱ ደግሞ የእጅን መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፤ በ300 በእጅሽ ይዘሽ ጥርት ያለ ፎቶ ለማግኘት 1/500 ያህል ትፈልጊያለሽ፤ ይህ ሌንስ ንዝረት መከላከያም የለው። ከ1.5 ሜትር ቅርብ ያለ ነገር ላይም አያተኩርም። ስታዲየም፣ ወፍ፣ የጃንሜዳ ጥምቀት በቀን ብርሃን ብትዪኝ እሺ። ለዳስ ግን አይሆንም። ሻጩ አልዋሸሽም፣ ሩቁን ያቀርባል፤ ጨለማውንም አብሮ ማቅረቡን ነው ያልነገረሽ።

የባልደረባሽ 70–200 ሌላ ነገር ነው፤ ግሩም ሌንስ ነው፣ ባለሙያዎች የሚምሉበት። ለአንቺ ግን አልመክርም። ካሜራሽ ውስጥ ያለው ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ከትልቁ ፊልም ልክ ስለሚያንስ እያንዳንዱ ሌንስ በአንቺ ላይ በ1.6 እጥፍ ይረዝማል፤ 70ው 112 ይሆንብሻል። አንድ ሰው ከእግር እስከ ራስ፣ ካሜራውን አቁመሽ ለማንሳት ከስድስት ሜትር በላይ መራቅ አለብሽ። በዳስ ውስጥ ስድስት ሜትር ክፍት ቦታ ካገኘሽ ሠርገኛው ቀርቷል ማለት ነው። ደግሞም ነጩን ሌንስ ያየ ሁሉ የተቀጠርሽ ይመስለዋል። «እኛን አላነሳሽንም» የሚሉ ሽማግሌዎች፣ «ከአማቾች ጋር አንዴ» የሚሉ እናቶች፣ በመጨረሻም ዓይኑን የሚያፈጥብሽ እውነተኛው ፎቶ አንሺ። ቢወድቅብሽስ? ዋጋው ከ50ው አሥር እጥፍ በላይ ነው፣ የባልደረባነታችሁን ዋጋ ሳይጨምር። ያ ሁሉ ሸክም ኤፍ 2.8 ነው የሚሰጥሽ። ትንሿ 50 ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ታስገባልሻለች፣ ክብደቷም 160 ግራም ብቻ ነው። ነጠላሽ ስር ትገባለች።

ነጠላውን ያነሳሁት ለቀልድ አይደለም። ተክሊሉ ላይ ነጠላ ለብሰሽ፣ ጫማ አውልቀሽ፣ ካሜራ አንጠልጥለሽ ነው የምትቆሚው። ማንጠልጠያውን ነጠላውን ከመልበስሽ በፊት አንገትሽ ላይ አድርጊው፤ ከላይ ካደረግሽው ባነሳሽ ቁጥር ነጠላሽ ከራስሽ ይወርዳል፣ ጎንሽ ያሉት እናትም ይገሥጹሻል። እዚያ ማንሳት መፈቀዱን አስቀድመሽ በሙሽሪት በኩል አስጠይቂ፤ አንዱ ደብር የሚፈቅደውን ሌላው አይፈቅድም፤ ለተቀጠረው የተፈቀደ ሁሉ ለእንግዳ ተፈቅዷል ማለትም አይደለም። ከተፈቀደ ደግሞ ፍላሽ አይነሳ፤ እንዳይነሳም ካሜራሽን ከአረንጓዴው ኦቶ አውጪው፤ በኦቶ ላይ ሲጨልምበት ፍላሹን ራሱ ብድግ ያደርገዋል። የትኩረት «ቲት» ድምፁንም ከሜኑው ዝጊ። የሻተሩ «ቀጭ» ማለት ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ጸሎት በጸጥታ ሲደርስ እጅሽን ሰብስቢ፣ ከበሮው ሲመታ አንሺ። ከቆምሽበት እስከ ሙሽሮቹ ስምንት ሜትር ቢሆን 50ው በጎን ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ያሳይሻል፤ ሙሽሮቹ በካባና በአክሊል፣ ካህኑ፣ ጥላ የያዙት ዲያቆናት ይገባሉ። ፊታቸው ትንሽ ይሆናል። ይሁን፤ ካሜራሽ 24 ሜጋፒክስል ስለሆነ በኋላ ቆርጠሽ ታቀርቢዋለሽ። የፊታቸውን ቅርብ ፎቶ የተቀጠረው ሰው ያመጣዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሙሽሪትን ሊወስድ ወደ ቤቷ ሲመጣ ግን 50ውን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ያ የበር ላይ ግብግብ፣ እህትማማቾቹ በሩን ይዘው አናስገባም ሲሉ፣ ሚዜዎቹ ሲለምኑ፣ በ50 አይነሳም። ሦስት ሜትር ርቀሽ ብትቆሚ አንድ ሜትር ከሠላሳ ብቻ ነው የምታይው፤ አንድ ሚዜና የሌላው ግማሽ ትከሻ። እዚህ ላይ ያ የናቅሽው 18–55 ይውጣ። ቀን ነው፣ ብርሃን አለ፣ 18 ላይ ካደረግሽው ከዚያው ቦታ በሩንም ገፊውንም ተገፊውንም ታስገቢያለሽ። የጓዳውንም ድግስ እንዲሁ፤ ሽንኩርቱን፣ ድስቶቹን፣ እንቅልፍ ያጡትን ሴቶች። የድስቱ እንፋሎት መስታወቱን ስለሚያደበዝዘው ከላይ ሳይሆን ከጎን ሆነሽ ቅረቢ። ሌንስ የምትቀይሪው ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ብቻ ይሁን፤ አቧራ በሚነሳበት ጭፈራ መሐል ካሜራሽን አፉን አትክፈቺ።

«ለሰፊውስ ለምን 24 አልያዝኩም?» ትዪኝ ይሆናል። ካነን 24 ኤፍ 2.8 የምትባል እንደ ቂጣ ዝርግ የሆነች ሌንስ አለችው፣ እኔ በጣም እወዳታለሁ፤ ለጉዞ ቢሆን እሷን እል ነበር። ግን ሰፊው ዓይን ስልክሽ ውስጥ አለ፤ የአብዛኛው ስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ነው፣ ጠረጴዛውን ሙሉ በደንብ ያነሳልሻል። ስልክሽ የማይችለው በደብዛዛ ብርሃን የአንድን ሰው ፊት ከኋላው ካለው ግርግር ነጥሎ ማውጣት ነው። ኤፍ 2.8 ደግሞ ከ1.8 አንጻር ግማሹን ብርሃን እንኳ አያስገባም።

አሁን ወደ ጠረጴዛሽ። ከፊት ለፊትሽ አንድ ሜትር ተኩል ላይ የተቀመጠን ሰው 50ው ከነትከሻው ይቆርጥልሻል። የሙሽሪት አባት ንግግር ሲያደርጉ የሚያዳምጠውን ሰው ፊት አስቢ። ፎቶ አንሺው በዚያ ሰዓት ሌንሱን አባትየው ላይ ደቅኗል፤ ግዴታው ነው። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምታለቅሰው የክርስትና እናቷ መሆኗን የት ያውቃል? አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ከገጠር የመጡት አያቷ የትኞቹ እንደሆኑ፣ አሥረኛ ክፍል እያላችሁ ያስጠኗችሁ መምህር የት እንደተቀመጡ፣ የትኛው አጎቷ ስካር ሲጀምር ብቻ እንደሚጨፍር ታውቂያለሽ። ከሠርጉ በፊት ሙሽሪትን «ማን ማን እንዲነሳልሽ ትፈልጊያለሽ?» ብለሽ አምስት ስም ተቀበያት። እነዚያን አምስት ሰዎች ይዘሽ ከመጣሽ ሥራሽ አለቀ፣ የቀረውን ብዪ፣ ጠጪ፣ ጨፍሪ።

መልሱ ላይ 50ው ሙሉ ቀን ይሆንለታል። ዳሱ ውስጥ የተንጠለጠሉት አምፖሎች፣ የካባው ወርቅማ ጥልፍ፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ ድፎው ሲቆረስ። ሦስት ሜትር ርቀሽ ብታነሺ ሁለቱ ሙሽሮችና ዳቦው በልኩ ይገባሉ። ካሜራውን ሻተርና ቀዳዳውን ራስሽ በምትመርጪበት ኤም ላይ አድርጊው፤ ሻተር 1/200፣ ቀዳዳ ኤፍ 2.2፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ኦቶ ሆኖ ጣሪያው 6400። አሁንም ከጨለመ ሻተሩን ወደ 1/125 አውርጂ። አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ምንም አይደል፣ የታተመ ፎቶ ላይ አሸዋው ብዙም አይታይም፣ ብዥታ ግን ይታያል። «ሮው» በሚባለው ጥሬ የፋይል ዓይነት ብታነሺ ቀለሙን በኋላ ታስተካክያለሽ፤ የዳስ ሸራ ቢጫም ሰማያዊም ቢሆን የሰውን ፊት ይቀባል። የዲጄ መብራት ወይን ጠጅ ያደረገው ፊት አልስተካከል ካለሽ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ኤፍ 1.8 አለኝ ብለሽ ሁልጊዜ 1.8 ላይ አታንሺ። ሁለት ሜትር ላይ ያለን ሰው በ1.8 ብታነሺ ጥርት የሚለው ጥልቀት 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአንድ ጋት ብዙም አይዘልም። ሙሽሪት ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ብትቀድም ሙሽራው ጉም ውስጥ ገባ። 2.8 ብታደርጊው ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ለአንድ ሰው 2 ወይም 2.2፣ ለሁለት 2.8፣ ተደርድረው ለቆሙ ደግሞ 4። ካሜራሽ ዘጠኝ የትኩረት ነጥቦች አሉት፤ በጨለማ የምታምኚው የመሐሉን ብቻ ነው፣ ከሌሎቹ የተሻለ የሚይዘው እሱ ነው። ወደ አንቺ የቀረበው ዓይን ላይ አድርጊው።

እስክስታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁሉን ነገር ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት 1/500 ይላል፣ የሚወጣው ትከሻዋን ያመማት የምትመስል ሴት ናት። እስክስታ ሲወረድ ራስ ያን ያህል አይነቃነቅም፣ ትከሻው ነው የሚሄደው። 1/100 ወይም 1/125 ላይ ሆነሽ ፊቷ ላይ አተኩረሽ ብዙ ብዙ አንሺ፤ ከሃያው አንዱ ፊቱ ጥርት፣ ትከሻው ብን ያለ ይወጣል፣ እሱ ይበቃል። 1/100 ሌላም ጥቅም አለው፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ በፈጣን ሻተር ስታነሺ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ከታየሽ ወደ 1/100 ውረጂ፣ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ እኔን ብቻ አምነሽ አትቀበዪ። ወንድምሽ ሳይገዛው አሁኑኑ በእጅሽ ባለው ሞክሪው። 18–55ሽን 50 ላይ አድርጊና እንዳይዞር በፕላስተር እሰሪው። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁ ቡና ሲፈላ ከመቀመጫሽ ሳትነሺ ቢያንስ አርባ ፎቶ አንሺ። ይጨልማል፣ ግን የምናየው ብርሃኑን አይደለም፤ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ርቀት መኖር ትችዪ እንደሆነ ነው። ፊት፣ እጅ፣ ሲኒ፣ ሳቅ እየሞላሽ ከመጣ 50ው ያንቺ ነው። አሥር ጊዜ «ምነው ትንሽ በሰፋ» ካልሽ ጻፊልኝ፣ ስለ 24ቷ እንነጋገራለን።

እንግዲህ የወንድምሽ መልእክት። ካነን ሁለት 50 ኤፍ 1.8 በአንድ ጊዜ ይሸጣል። አንደኛው ኢኤፍ ይባላል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ኤስቲኤም፤ ያንቺ እሱ ነው። ሌላው አርኤፍ ነው፣ በ2020 የወጣ፣ መስታወት አልባ ለሚባሉት አዳዲስ ካሜራዎች። ስማቸው ይመሳሰላል፣ መጠናቸው ይቀራረባል፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም፤ አርኤፉ ግን ባንቺ ካሜራ በምንም ማገናኛ አይሠራም። ኢኤፉ በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ በማገናኛ ይገጥማል፣ ተገላቢጦሹ ግን የለም። ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ በሻንጣ ያመጣውን ሌንስ አፍ ለአፍ ገጥሞ እምቢ ሲል ያለውን ዝምታ አይቻለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ «ኢኤፍ፣ አርኤፍ አይደለም» ብለሽ ላኪለት፣ ከመክፈሉም በፊት የካርቶኑን ፎቶ ያሳይሽ። እጅሽ ሲገባም ይህን እዪ፦ በካሜራሽ አፍ ዙሪያ ቀይ ነጥብና ነጭ አራት ማዕዘን አለ። አሮጌው ሌንስሽ በነጩ ነው የሚገጥመው፣ 50ው በቀዩ። በነጩ እያስገደድሽ እንዳትታገዪ።

ወንድምሽ ባይመጣና እዚሁ ያገለገለ ብታገኚ፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሸጥ የኖረው የቀድሞው ሞዴልም ይገጥምሻል። መግጠሚያው ፕላስቲክ ነው፣ ሲያተኩር እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ማታ ከኋላ ያሉት አምፖሎችም ቀዳዳውን ትንሽ ስታጠቢ ክብ መሆናቸው ቀርቶ ባለ አምስት ማዕዘን ይሆናሉ። ፎቶው ግን ያው ፎቶ ነው። ስትገዢ በስልክሽ ባትሪ ከኋላ አብሪበት፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነውና በነፃ ቢሰጡሽም ተዪው። ካሜራሽ ላይ ገጥመሽም በቅርብም በሩቅም ራሱ ማተኮሩን ሳታረጋግጪ ብር አታውጪ።

የኒኮን ባለቤቶች በዚህ አጋጣሚ እንዳትሳሳቱ፦ ዲ3500ን በመሳሰሉ ትንንሾቹ ካሜራዎች ላይ «50 ኤፍ 1.8 ዲ» የሚለው አሮጌ ሌንስ ይገጥማል፣ ግን ራሱ አያተኩርም። «ጂ» የሚለውን ፈልጉ።

ትርፍ ባትሪ ያዢ፣ ካርድሽን አጽጂ፣ የሙሽሪትን ፎቶ እሷ ሳትለጥፍ አትለጥፊ። ከአምስቱ ሰዎች ጋር ሃያ ያህል መርጠሽ አሳትሚላት፤ ስምንት መቶ ፎቶ በቴሌግራም የላከ ሰው ምንም እንዳልላከ ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ፣ ሻጭ ግን ሳያነሳብሽ አይቀርም። ለ50ው ማጣሪያ መስታወት ካልገዛሽ ይልሻል፣ ልኩም 49 ሚሊ ሜትር ነው። በቀን ምንም አይልም። ማታ ግን የዳሱ አምፖልና የሻማው ነበልባል በዚያ ዝርግ መስታወት ላይ ነጥረው ፎቶሽ ውስጥ ሌላ አረንጓዴ ሻማ ይለኩሱብሻል። ይልቅ ወንድምሽ ለብቻዋ የምትሸጠውን የሌንሱን ኮፍያ፣ ክዳኑን ሳይሆን በአፉ ዙሪያ ወደ ፊት ወጣ የምትለውን ጥላ፣ ይጨምርልሽ። መልስ ላይ ወጥ የነካ የሕፃን ጣት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።